የቆመውን እየገደልን ለሞተው ችግኝ አንትከል

ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ፣ ከስድስት ኪሎ እስከ ለገሃር የምትኖሩ፣ የምትነግዱ፣ ቢሮ የምትገቡ ወገኖቼ ሆይ፣ በደጃችሁ የቆመው የመንገድ ዛፍ የግል ንብረታችሁ አይደለም። ከጥላው ተጠቀሙ፤ ግንዱ ግን የከተማው ሕዝብ ነው። «ታፔላዬን ጋረደብኝ፣ ቅጠሉ ቦዩን ደፈነው፣ ወፍ መኪናዬን አቆሸሸብኝ» ብላችሁ የቀን ሠራተኛ ጠርታችሁ በገጀራ ስታስመቱት የጋራ ሀብት እያስወደማችሁ ነው። ደንብ አስከባሪ ቢደርስባችሁ ትቀጣላችሁ። እሑድ ማለዳ ማንም ሳያይ ብታስቆርጡትም ጥፋቱ ያው ጥፋት ነው።

ይህች ከተማ ዛፍ ማጣትን አንድ ጊዜ ቀምሳዋለች። በተቆረቆረች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያዋ የነበረው ጥድና ወይራ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እየተጨፈጨፈ አለቀ፤ ዳግማዊ ምኒልክም መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደረሱ። በ1880ዎቹ መጨረሻ የገባው፣ አገሩ አውስትራሊያ የሆነው ባሕር ዛፍ ነው ከተማዋን እዚሁ ያስቀራት። ባሕር ዛፍን ዛሬ ውኃ ይመጥጣል እያልን እንወቅሰዋለን፤ ወቀሳው እውነት አለው። ቢሆንም ያን ጊዜ ጉድጓድ የቆፈሩ፣ ችግኝ የተሸከሙ ሰዎች ባይኖሩ ዛሬ የምንጣላበት ታፔላም የሚሰቀልበት ከተማ አይኖርም ነበር። ከእነርሱ በኋላ የመጡት ደግሞ ጃካራንዳውን፣ ግራቪሊያውን፣ ዝግባውን ተከሉልን። አብዛኞቹ አልፈዋል። ስማቸውን የሚያውቅ የለም፤ የተከሉት ዛፍ ብቻ ነው መታሰቢያቸው። በምሳር ስንመታው የምናፈርሰው የእነርሱን ሐውልት ነው።

ይህን የምለው በሙት ዓመት ወይም በአርባ ቀን በሟች ስም ችግኝ መትከል እየተለመደ ስለ መጣ ነው። መልካም ነው፤ ከእብነ በረድ ሐውልት ይልቅ እኔ ይህን እመርጣለሁ። ልማዱም ለሃይማኖታችን ባዕድ አይደለም። በአራዳ ጊዮርጊስ፣ በቅድስት ሥላሴ ቅጽር ሙታኖቻችን የሚያርፉት በዛፍ ጥላ ሥር ነው። ሙስሊም ወገኖቼም ወፍና ሰው የሚጠቀምበትን ተክል ከሰደቀቱል ጃሪያ፣ ማለትም ከሞት በኋላም ምንዳው ከማይቋረጥ ምጽዋት፣ ይቆጥሩታል። ታዲያ በሐምሌ ዝናብ ተሰብስበን፣ አልቅሰን፣ ፎቶ ተነሥተን የተከልነው ችግኝ በኅዳር ደርቆ ሲገኝ ምን እንበል? በእናታችሁ ስም የቆመ ችግኝ በመንገድ ዳር ተጠምቶ ሲሞት አታፍሩም? ሐምሌ ላይ ማንኛውም ችግኝ ይለመልማል፤ ሰማዩ ያጠጣዋል። የልጅነት ወጉ የሚታየው ዝናቡ ከቆመ በኋላ ነው።

እንግዲህ ለመታሰቢያ የምትተክሉ፣ ስሙ። ባዶ መሬት ስላያችሁ ብቻ አትቆፍሩ፤ ከሥሩ የውኃ ቱቦ ወይም ኬብል ሊኖር ይችላልና አስቀድማችሁ ወረዳችሁን ጠይቁ። ቀና ብላችሁም እዩ። ዝግባ ብዙ ትውልድ የሚኖርና ከብዙ ፎቅ ጋር የሚወዳደር ዛፍ ነው፤ ከኤሌክትሪክ ሽቦ ሥር ከተተከለ እድሜ ልኩን ሲቆራረጥ ይኖራል። ለጠባብ ቦታ ቀስ ብሎ የሚያድገው ወይራ ይሻላል። ላስቲኩን ሙሉ በሙሉ አውልቁት፤ ከነላስቲኩ የተቀበረ ሥር እዚያው እየተጠማዘዘ ራሱን ያንቃል። ግንዱና ሥሩ የሚገናኙበት ቦታ ከአፈሩ ገጽ እኩል ይሁን እንጂ አይቀበር። ከጥቅምት እስከ ግንቦት፣ ዝናብ ባልጣለበት ሳምንት ሁሉ፣ ቢያንስ ሁለት በጋ አንድ ጀሪካን ውኃ አጠጡት። የሟቹን ስም በግንዱ ላይ በምስማር አትቸንክሩ። ስሙ በአጭር እንጨት ላይ ተጽፎ ከጎኑ ይቁም።

የቅርንጫፍ አመላመሉ ላይ ደግሞ የምናጠፋው ጥፋት የባሰ ነው። አናቱን ጎምዶ ግንዱን እንደ ምሰሶ ማስቀረት ምልመላ አይባልም። ዛፍ ምግቡን የሚሠራው በቅጠሉ ነው፤ ቅጠሉን ሁሉ ስትወስዱበት የተራበ ዛፍ ነው የምትተዉት። በዓመቱ ቀጫጭን፣ ቀጥ ያሉ ቅርንጫፎች ተጠጋግተው ሲያወጣ «ይኸው፣ እንዲያውም ለመለመ» ትላላችሁ። እነዚያ ከቅርፊቱ ሥር ብቻ የበቀሉ ስለሆኑ ከግንዱ ጋር የጠበቀ ትስስር የላቸውም። የተጎመደው አናትም ዝናብ እየጠጣ ወደ ውስጥ ይበሰብሳል። ከዓመታት በኋላ በአንድ የክረምት ነፋስ ይገነጠልና መንገደኛ ላይ ይወድቃል። ያን ጊዜ «አደገኛ ዛፍ ነው» ተብሎ ከሥሩ ይቆረጣል። አደገኛ ያደረገው ገጀራችን ነው።

ፈቃድ አግኝታችሁ የምታስመለምሉ ከሆነ ሠራተኛውን ብቻውን አትተዉት፤ ቆማችሁ እዩ። ቅርንጫፍ ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት ላይ እብጥ ያለ አንገት አለው። ቆረጣው ከዚያ አንገት ጥቂት ወጣ ብሎ ነው። አንገቱን ጨምሮ ከግንዱ እኩል ቢቆረጥ ቁስሉ ይሰፋል፤ ረጅም ጉቶ ቢቀርም እሱው ይበሰብስና መበስበሱን ወደ ግንዱ ያስገባል። ከባድ ቅርንጫፍ በአንድ ጊዜ አይጣልም፦ መጀመሪያ ከግንዱ ራቅ ብሎ ከታች በኩል በጥቂቱ ይገዘገዛል፤ ከዚያ ትንሽ ወደ ውጭ ፈቀቅ ተብሎ ከላይ ይቆረጣል፤ በመጨረሻ የቀረው ጉቶ ከአንገቱ አጠገብ ይነሣል። ይህ ካልተደረገ ቅርንጫፉ ሲወድቅ የግንዱን ቅርፊት ይዞ ይላጠዋል። በአንድ ጊዜ ከዛፉ ቅጠል ሩቡን እንኳ ባትወስዱ ደግ ነው። ቁስሉን ቀለምም ሬንጅም አትቀቡት፤ ዛፉ ራሱ ቀስ እያለ ይሸፍነዋል፤ ቅቡ እርጥበቱን አፍኖ መበስበሱን ያግዛል። ሥራው ዝናቡ ካቆመ በኋላ ይሁን። ሽቦ በነካ ቅርንጫፍ ላይ ግን ማንንም ድሀ በሁለት መቶ ብር አታሰቅሉ፤ የኤሌክትሪክ አገልግሎት ባለሙያዎችን ጥሩ።

ምሳር ሳናነሣ የምንገድላቸውም አሉ። ሥሩ አየርና ውኃ እስኪያጣ ድረስ እስከ ግንዱ ሲሚንቶ የምታፈሱ፣ ማስታወቂያ የምትቸነክሩ፣ በሽቦ አንቃችሁ የምታስሩ፣ ተዉ። ጀበና የምታፈሉ እኅቶቼ፣ ከፀሐይ የሚጋርዳችሁ ያ ዛፍ ነው፤ የፈላ ውኃና የሳሙና እጣቢ ሥሩ ላይ አትድፉበት። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት መንገዶቻችን ሰፍተው አዳዲስ ችግኞች ተተክለዋል። ግንዳቸው ገና ቀጭን ነው፤ ሞተር ብስክሌት አታስደግፉባቸው፣ ልጆቻችሁም እንዳይወዛወዙባቸው ንገሯቸው።

የሟቻችሁን ስም ለማቆም የግድ አዲስ ችግኝ አያስፈልግም። በሰፈራችሁ ሲሚንቶ ያነቀውን፣ ምስማር የተቸነከረበትን አንድ አሮጌ ዛፍ ምረጡ። ወረዳውን አስፈቅዳችሁ በግንዱ ዙሪያ ያለውን ሲሚንቶ አንሡለት፣ አፈሩን ሥሩን ሳትነኩ አለስልሱለት፣ በበጋ አጠጡት፣ በአባታችሁ ስም ጠብቁት። ነገ የሚያጠላ ዛፍ ከመመኘት ዛሬ ሠላሳ ሰው የሚያስጠልለውን ማቆየት ለነፍሱ ያነሰ መታሰቢያ አይመስለኝም።

የእድር ዳኞችና ጸሐፊዎች፣ ይህ ከእናንተ ነው የሚጀምረው። ድንኳን፣ ወንበርና ድስት የሚጠብቅ ሰው ቀጥራችኋል፤ በሟች አባሎቻችሁ ስም የተተከለውን የሚያጠጣ ሰው ግን የላችሁም። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤያችሁ ከወር መዋጮው ለውኃና ለጠባቂ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ይመደብ ብላችሁ አጀንዳ አስይዙ፤ የትኛው ዛፍ በማን ስም እንደሆነ፣ በየትኛው ሳምንት የማን ቤት ተራ እንደሆነ በመዝገባችሁ ይጻፍ። ዝናቡ ሳያቆም፣ ከመስከረም በፊት ወስኑት።