የባጃጅ ሒሳብ እየከፈሉ በሙሉ ደመወዝ ላይ መገበር

ጠዋት ከባሕር ዳር ዳርቻ፣ ከዘንዘልማ ተነስተው ወደ ከተማዋ መሃል የሚገቡ ሁለት ሰዎች አሉ እንበል። አንደኛው የሒሳብ መዝገብ የሚይዝ ነጋዴ ነው። መኪናው በድርጅቱ ስም ነው፤ ዕቃ ያመላልስበታል። ሌላዋ መምህርት ናት። በባጃጅ ነው የምትመጣው። ዓመቱ ሲያልቅ ነጋዴው ለሥራው የቀዳውን ነዳጅ፣ የቀየረውን ጎማ፣ ለጥገና የከፈለውን ከገቢው ላይ ይቀንሳል። ግብር የሚከፍለው በተረፈው ላይ ነው። የመምህርቷ ግብር ግን የሚሰላው በሙሉ ደመወዟ ነው። ለባጃጅ የሰጠችው ብር ኪሷ ውስጥ እንዳለ ተቆጥሮ ይገበርበታል።

የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የንግድ ገቢን በሠንጠረዥ «ሐ»፣ ከመቀጠር የሚገኝ ገቢን ደግሞ በሠንጠረዥ «ሀ» ያስተናግዳል። በ«ሐ» ገቢውን ለማግኘት የግድ የወጣ ወጪ ተቀናሽ ይሆናል። በ«ሀ» ሠራተኛው ከራሱ ኪስ ያወጣው አይቀነስለትም። ግብሩንም አሠሪው በየወሩ ቆርጦ ያስገባል። ሠራተኛው ዓመታዊ የሒሳብ መግለጫ ይዞ የሚቀርብበት፣ «እኔም ይህን ያህል አውጥቻለሁ» የሚልበት መስኮት የለውም።

ይህን ልዩነት ልቀበለው አልችልም። ሥራ ቦታው ያልደረሰ ሰው ደመወዝ አያገኝም። ታዲያ መድረሻው ገንዘብ ደመወዙን ለማግኘት የወጣ ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

ሕጉ ራሱ ይህን በከፊል ያምናል። አሠሪው የትራንስፖርት አበል ከከፈለ፣ አበሉ በመመሪያ እስከተወሰነው ጣሪያ ድረስ ከግብር ነፃ ነው። ትክክል ነው። ችግሩ ሁሉም ነገር በአሠሪው አቅምና ፈቃድ ላይ መንጠልጠሉ ነው። አንዱ መሥሪያ ቤት አበል ይከፍላል፤ ሌላው የሠራተኛ ሰርቪስ ያቀርባል፤ ሦስተኛው ሁለቱንም አያደርግም። በሦስተኛው ቤት የተቀጠረው ሰው መጀመሪያ ከራሱ ደመወዝ ይሳፈራል፣ ከዚያ በተሳፈረበት ገንዘብ ላይ ይገብራል። በዕድለኝነት የሚሰጥ የግብር ነፃነት መብት ሊባል አይችልም።

ብዙ ጊዜ የሚነሳ መከራከሪያ አለ። «የት እንደምትኖር የመረጥከው አንተ ነህ፤ ጉዞህ የግል ጉዳይህ ነው» ይባላል። አሜሪካም እንግሊዝም ከቤት ወደ ሥራ የሚደረገውን የዘወትር ጉዞ ከግብር የማይቀንሱት በዚሁ አስተሳሰብ ነው። ባሕር ዳር ላይ ግን ይህ አባባል አይሠራም። ደመወዝተኛ ሆኖ ዘንዘልማ ወይም መሸንቲ መንገድ ላይ ቤት የተከራየ ሰው የገጠር አየር አምሮት አይደለም። መሃል ከተማ ጊዮርጊስ አካባቢ ያለውን ኪራይ አልቻለውም። ዓባይ ማዶም ቢሆን ብዙው ሰው የገባው ኪራዩ ሲገፋው ነው። በግንቦት 2016 የተመረቀው 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ መሻገሩን አቅልሎታል፤ ታሪፉን ግን አልቀነሰም። ጢስ ዓባይ የተመደበች ነርስ ቤተሰቧ ከተማ ከሆነ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አለባት። ዘጌ የሚያስተምር ደግሞ ወይ ጀልባ ወይ ኮረኮንች ይጠብቀዋል። እነዚህን ሰዎች የመደባቸው መንግሥት ነው። የመደበበትን ርቀት «የግል ምርጫህ» ማለት ለእኔ ተቀባይነት የለውም።

ነዳጁን ደግሞ እንጨምርበት። በ2014 ክረምት መግቢያ አንድ ሊትር ቤንዚን ከ50 ብር በታች ነበር። በ2017 ከ100 ብር አለፈ። ያውም ማደያ ከተገኘ ነው። ሰልፉ ሲረዝም ባለባጃጁ ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን ይገዛል፤ ጭማሪውን የሚሸፍነው ተሳፋሪው ነው። የተሳፋሪው ግብር ግን ነዳጅ ተወደደ ብሎ በአንድ ሳንቲም አይወርድም።

በ2017 የወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ከግብር ነፃ የሆነውን የወር ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር አሳድጓል። ጥሩ ነው፣ ግን የመንገዱን ጥያቄ አልነካም። በአዲሱ ማስከፈያ 8,000 ብር የሚያገኝ ሰው በወር 1,150 ብር ይገብራል። 1,500 ብር ለመንገድ አውጥቶ ያ ቢቀነስለት ግብሩ 800 ብር ይሆን ነበር። 350 ብር ይተርፈዋል። ለዚህ ሰው ትንሽ ገንዘብ አይደለም።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ያው 1,500 ብር 20,000 ብር ለሚያገኝ ሰው ቢቀነስ 525 ብር ያተርፍለታል፤ ምክንያቱም ከ14,000 ብር በላይ ያለው ደመወዝ 35 በመቶ ይገበርበታል። ወጪው አንድ ሆኖ የተሻለ ደመወዝ ያለው የበለጠ ይጠቀማል ማለት ነው። ሌላም አደጋ አለ። «ደረሰኝ ያቀረበ ይቀነስለት» ከተባለ የሚጠቀመው ባለመኪናው ብቻ ነው። ከ2015 ጀምሮ ነዳጅ በቴሌብርና በመሳሰሉት ስለሚከፈል የባለመኪናው ማስረጃ ስልኩ ውስጥ አለ። ባጃጅ የሚሳፈረው ግን ከማን ደረሰኝ ይቀበል?

ስለዚህ የጀርመኖቹን መንገድ ብናየው ይሻላል። እዚያ የሚቆጠረው ርቀቱ ነው። ከቤት እስከ ሥራ ቦታ ባለው ኪሎ ሜትር ልክ፣ መሄጃው ብቻ ታስቦ፣ የተወሰነ ገንዘብ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ላይ ይቀነሳል። ለዓመታት ለመጀመሪያዎቹ 20 ኪሎ ሜትሮች በኪሎ ሜትር 30 የዩሮ ሳንቲም ነበር። በመኪና ሄድክ፣ በባቡር፣ በብስክሌት ወይም በእግርህ፣ ልዩነት የለውም። የነዳጅ ደረሰኝም አይጠየቅም። እንደ ባሕር ዳር ብስክሌት ለሚነዳበት ከተማ ይህ ልክ ነው። ፀሐይ እየመታው ፔዳል የሚረግጠው ሠራተኛ ስላልነደደ ቤንዚን አይቀጣም።

እኔ የምለው በዚህ ላይ አንድ ነገር ይጨመርበት ነው። ገንዘቡ ከደመወዙ ሳይሆን ከሚከፈለው ግብር ላይ ቢቀነስ፣ 8,000 ብር የሚያገኘውም 20,000 የሚያገኘውም በእኩል ርቀት እኩል ይጠቀማሉ። ለምሳሌ ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ ለሚጓዝ አንድ መጠን፣ ከ15 በላይ ለሚጓዝ ከፍ ያለ። አድራሻው በቀበሌ ማረጋገጫ ይያዛል፤ የቀረውን ደመወዝ የሚሠራው ሒሳብ ክፍል ይጨርሰዋል። የትራንስፖርት አበል ወይም ሰርቪስ የሚያገኝ ሰው በድጋሚ አይጠቀምም። ደመወዙ ከ2,000 ብር በታች የሆነው መጀመሪያም ግብር ስለማይከፍል ከዚህ የሚያገኘው የለም፤ ለእሱ የሚበጀው አሠሪው አበል እንዲከፍል ማስገደድ ነው።

መንግሥት ገቢ ያጣል የሚለው እውነት ነው። ያጣው ግን ከመጀመሪያውም የሠራተኛው ትርፍ ካልነበረ ገንዘብ የሚሰበስበውን ነው።

ጥያቄውን ለአዲስ አበባ ብቻ መተውም አያስፈልግም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 97 በክልል መንግሥትና በግል ድርጅት ሠራተኞች ላይ የገቢ ግብር የመጣልና የመሰብሰብ ሥልጣን ለክልሎች ሰጥቷል። የአማራ ክልል ምክር ቤት መቀመጫ ደግሞ እዚሁ ባሕር ዳር ነው። መምህሩም፣ ነርሷም፣ የቢሮ ሠራተኛውም የሚገብሩት ለክልሉ ነው። አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። የመምህራን ማኅበርና የሠራተኛ ማኅበራት ከዚያ በፊት ይህን ሐሳብ በጽሑፍ አዘጋጅተው ለምክር ቤቱ ቢያቀርቡ፣ ተወካዮቹም በይፋ ቢከራከሩበት እፈልጋለሁ።