ለለገሃሩ ቆርቆሮ አጥር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለተከበሩ ቆርቆሮ አጥር፤ ባሉበት።

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደህና ነኝ። ናፍቆት እንዳልል በየጠዋቱ እንታከካለን። የእግረኛውን መንገድ እርስዎ ስለያዙት፣ እኔ የማልፈው በእርስዎና በሚኒባስ ስፖኪዮ መሃል ነው። በቀደም ሚስማርዎ ሱሪዬን ቀደደው። ምንም አይደል፤ ልማት ነው።

የጻፍኩት ስለ ሱሪ አይደለም። ላይዎ ላይ ስለተሳለው ሥዕል ነው። ሳር፣ ፏፏቴ፣ የመስታወት ሕንፃ። ሰዎቹ ማኪያቶ ይዘው ይስቃሉ። ዝናብም ሲመጣ ይስቃሉ። ብፈልግ ብፈልግ አንድ ቱታ የለበሰ አጣሁ። እጁን ግራሶ የነካው ሰው ለመድኃኒት የለም። ሰፈሩ የማን እንደነበር አልነገሩዎትም መሰለኝ።

የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ዋናው ጥገና ድሬዳዋ ነበር። ድሬ ራሷ ባቡሩ የወለዳት ከተማ ናት። አጎቴ እዚያ ቶርኖ ላይ ይሠሩ ነበር። ዕቃ ሲሰበር ከውጭ እስኪመጣ አይጠብቁም፤ ራሳቸው ቀርጸው ያወጡታል። ከባቡሩ የሚበላው ደግሞ ደሞዝተኛው ብቻ አልነበረም። ሚኤሶ ላይ በመስኮት የምትሸጠው፣ አዋሽ ላይ አልጋ የምታከራየው፣ እዚህ ለገሃር ሻንጣ የሚሸከመው፣ ሁሉም እንጀራው ሐዲዱ ላይ ነበር።

ሐዲዱ አረጀ፤ ጥገናውም ተጓተተ። ባቡሩ ለገሃር መምጣቱን ተወ። በ2009 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሄደው ተመረቀ። ደስ አለን፤ የምሬን ነው። ግን እሱ መሃል ከተማ አይገባም፤ ለቡ ነው የሚቆመው። በ1 ሜትሩ ሐዲድና በናፍጣው ሞተር ያረጀ እጅም አይፈልግም። እስከ 2016 ዓ.ም. ያንቀሳቅሱት የነበሩት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው። የድሮው ባቡር የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። አጎቴ ዕድሜ ልካቸውን ፈረንሳይኛ ተምረው ሊጨርሱ ሲሉ ቋንቋው ቻይንኛ ሆነ።

ልጃቸው ባጃጅ ይነዳል። ሥልጠና አስገብተው «ሥራ ፈጣሪ» የሚል ምስክር ወረቀት ሰጥተውታል። ባጃጁ ሲበላሽ የሚጠግኑት አባትየው ናቸው፤ ያውም በነፃ። ለእሳቸው ምስክር ወረቀት የሰጠ የለም።

እርስዎ ቆርቆሮ ነዎት፤ በዚህ ሁሉ አልወቅስዎትም። ቆርቆሮ የሚቆመው አቁሙት ሲሉት ነው። ብቻ ለሠዓሊዎ አንድ ነገር ይንገሩልኝ። ፏፏቴው ጥግ ላይ አንድ ቱታ የለበሰ ሰው ይሳልልን። ማኪያቶ አይያዝለት፤ መፍቻ ይበቃዋል። ፏፏቴው መበላሸቱ መቼም አይቀርም።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
በአስፋልቱ ጠርዝ የሚሄደው

ግልባጭ፦
ጣቢያው ፊት ለቆመው የአንበሳ ሐውልት። ጣልያን ዘርፎት ሮም ስንት ዓመት ከርሞ ስለተመለሰ፣ ጉዳዩን በትዕግሥት እንዲከታተልልን።