ለክቡር የሌሊት ኮሽታ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር የሌሊት ኮሽታ
ባሉበት ጣሪያ
ደብረ ብርሃን

ጉዳዩ፦ ማንነትዎን እንዲገልጹ፣ ካልሆነም አንድ ነገር እንዲሰርቁልን ስለ መጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ አምስት ቤተሰብ በሚኖርበት የጋራ ግቢያችን ቆርቆሮ ላይ በየሌሊቱ እየተገኙ አንዴ «ቋ»፣ ቆየት ብለው ደግሞ «ቋ ቋ» ሲሉ መሰንበትዎ ይታወሳል። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ የግቢው የጸጥታ ኮሚቴ ጸሐፊ እንደ መሆኔ መጠን ሲሆን፣ ጸሐፊነቱም የተሰጠኝ በስብሰባው ዕለት እስክሪብቶ ይዤ በመገኘቴ እንጂ በሌላ ብቃት አለመሆኑን አስቀድሜ ላሳውቅዎ እወዳለሁ።

እርስዎን መጀመሪያ የሰሙዎት አከራያችን እማማ ናቸው። በማግሥቱ ቡና ተፈልቶ ነገሩ ሲነሳ በአቦሉ ላይ አንድ የነበረው ሌባ በቶናው ሁለት ሆነ፤ በረካው ሲቀዳ ከሁለቱ አንደኛው መንጠቆ ይዞ ነበር። መንጠቆውን ማን እንዳየው አልተጠየቀም፤ ምክንያቱም በዚያ ሰዓት ክርክሩ ወደ መዋጮ ተሻግሮ ነበር። በቤት 900 ብር፣ በድምሩ 4,500 ብር ተሰበሰበ፤ ለውኃ ቧንቧው ጥገና 50 ብር ለማዋጣት ሁለት ዓመት ሙሉ የተከራከረው ግቢ ይህን ያህል ገንዘብ በአንድ ሳምንት ማውጣቱ ለእርስዎ ያለውን ክብር ያሳያል።

በገንዘቡም አንድ መወርወሪያ ብቻ የነበረው የላሜራ በር ሁለት ጓጉንቸርና አንድ ሰንሰለት ተጨመረለት፤ አጥሩ ላይ የጠርሙስ ስብርባሪ ተተከለ፤ ጓሮው ላይ ባውዛ ተሰቀለ። ባውዛው ጓሮውን ትቶ የመምህሩን መስኮት ስለሚያበራ መምህሩ ሌሊቱን ፊታቸውን በጋቢ ተሸፍነው ያድራሉ፤ የመብራቱን ሒሳብ በተመለከተ ግን ቆጣሪው የጋራ ስለሆነ ዝርዝሩን ባላነሳው ይሻላል። ውሻም መጥቷል። ውሻው ብርዱን ስለማይችል ከምድጃው አጠገብ አመዱ ላይ ተኝቶ ያድርና እርስዎ ጨርሰው ከሄዱ በኋላ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ወጥቶ ይጮኻል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሲባል የምንሰማው ለካ ስለ እርሱ ኖሯል።

የቁልፉ ነገር ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል። የመጀመሪያው ጓጉንቸር ለአምስቱም ቤት ቁልፍ ተቀርጾለታል፤ ሁለተኛው ግን ሦስት ቁልፍ ብቻ ይዞ ስለመጣና አይቀረጽም ስለተባለ፣ አራተኛውና አምስተኛው ቤት የሚገቡት በሦስተኛው ቤት ደግነት ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ደግነት የለም። ባለፈው ሳምንት በፋብሪካ በፈረቃ የምትሠራው የአምስተኛው ቤት ተከራይ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ መጥታ በሩን ስታንኳኳ ሁላችንም ሰማን፤ ሁላችንም ሽመል ይዘን በየበራችን ኋላ ቆምን። ስሟን ጠርታ «እኔ ነኝ» ስትል ጡረተኛው ጋሼ፣ እርሳቸው የኮሚቴው ሊቀ መንበር ናቸው፣ «ስም ማንም ይጠራል!» ብለው ከውስጥ መለሱላት። ልጅቱ ከዚያ በላይ በውርጭ መቆም ስላልቻለች በድንጋዩ አጥር ላይ ወጥታ ዘለለች። ጃኬቷን ከብብቷ እስከ ወገቧ የቀደደው ስብርባሪ እርሷው ለፋሲካ ካመጣችው የአረቄ ጠርሙስ የቀረው እንደሆነ በማግሥቱ ከተረፈው ወረቀት ለይታዋለች። ከጥቅምት ወዲህ የግቢያችንን አጥር የዘለለ ሰው ቢኖር እርሷ ብቻ ናት። እኔም በታዘዝኩት መሠረት ቃለ ጉባኤው ላይ «አንድ የመግባት ሙከራ ታይቷል» ብዬ መዝግቤያለሁ።

መጸዳጃ ቤታችን ከጓሮው ጫፍ መሆኑንም ከጣሪያ ላይ ሆነው ሳያዩት አይቀሩም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ወደዚያ የሚሄድ ሰው እየሳለ እንዲሄድ ተወስኗል። የሌባም ጉሮሮ እንደሚስል አስታውሰው የተቃወሙት መምህሩ ብቻ ነበሩ።

እርግጥ ነው፣ በዚህ ከተማ ከማይታይ ጠላት ግቢን መጠበቅ በእኛ አልተጀመረም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከተማዋን የቆረቆሩት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ፣ በሰማይ ብርሃን ታየበት በተባለው በዚሁ ቦታ ቤተ መንግሥት ሠርተው ሲቀመጡ፣ ከመተተኞች ክፋት እንዲጠበቁ ካህናት ቀንና ሌሊት ዳዊት እየደገሙ በቤቱ ውስጥ ጠበል ይረጩ እንደነበር ዜና መዋዕላቸው ይናገራል። እማማም በየማታው በረንዳውን ጠበል ይረጫሉ። ልዩነቱ፣ የእማማ ጠበል በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ደረጃው ላይ በረዶ ሆኖ ማደሩና ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት የሚወጡትን መምህር ሁለት ጊዜ መጣሉ ነው።

አሁን ወደሚያሳፍረው ክፍል ልግባ። ጣሪያውን የመታው አናጺ ሰሞኑን የኩሽናውን በር ለመጠገን መጥቶ ስለ እርስዎ ሲነገረው ሳቀ። እንደ እርሱ አባባል፣ ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍ ያለች በመሆኗ በበጋ ቀን ፀሐዩ ቆርቆሮውን ያግለዋል፤ ሌሊት ሰማዩ ጠርቶ አመዳይ ሲወርድ ደግሞ ቆርቆሮው ሙቀቱን ወደ ሰማይ ለቆ ይኮማተራል። መምህሩ በጠመኔ አስልተው እንዳሳዩን ሦስት ሜትር የሚሆን ቆርቆሮ በ30 ዲግሪ ልዩነት አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ያጥራል፤ ሚስማር ስለያዘው ግን እንደ ልቡ አይንሸራተትም፤ ውጥረቱ ሲበዛበት በድንገት ያፈተልካል፤ «ቋ» የሚለውም ያን ጊዜ ነው። ክረምቱን ሙሉ ያልተሰሙትም ደመናው እንደ ባና ስለሚሸፍነውና ቀኑም ስለማይግል ነው።

ኮሚቴው ጉዳዩን በአስቸኳይ ስብሰባ መረመረ። ጋሼ «ሌባም እኮ ዝናብ ይፈራል» በማለት የክረምቱን ማስረጃ ውድቅ አደረጉ፤ እማማ ደግሞ 4,500 ብር የወጣበት ሌባ የለም ቢባል ገንዘቡን ማን ይመልሳል ብለው ጠየቁ። ከዚህ ጥያቄ በኋላ እርስዎ መኖርዎ በአራት ድምፅ ጸድቋል። አንድ ድምፅ የተቃወመው ማን እንደሆነ እዚህ መጥቀስ አያስፈልግም፤ ባውዛው ግን አሁንም ከመስኮታቸው አልዞረም።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ በዚህ መዋጮ ከሰው ፊት ቀና ብለን እንድንሄድ አንድ ነገር፣ ትንሽም ቢሆን፣ እንዲሰርቁልን በትሕትና እንጠይቃለን። ለዚሁ ሲባል አፉ የተሰነጠቀ ቢጫ ጀሪካን ከቧንቧው አጠገብ ይቀመጥልዎታል። ከጣሪያው መውረድ ቢከብድዎና በዋናው በር መግባትን ቢመርጡ ቁልፉን ከሦስተኛው ቤት መውሰድ ይችላሉ፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት ከመጡ ማለት ነው።

ከሰላምታ ጋር
የግቢው የጸጥታ ኮሚቴ ጸሐፊ

ግልባጭ፦ ለአናጺው፣ የኩሽናው በር ሒሳብ ለጊዜው በኮሚቴው ካዝና ገንዘብ ስለሌለ እንዲታገሠን