የጌሚንግ ላፕቶፕ አቅም የሚለካው በስሙ ሳይሆን በዋቱ ነው

ውድ የጌሚንግ ላፕቶፕ የገዙ ሰዎች ቅሬታ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው፤ ይግላል፣ ይጮኻል፣ ከቻርጀር ሲነቀል ጌሙ ይንቀራፈፋል፣ ባትሪው ሦስት ሰዓት እንኳ አይቆይም። የሚሰጣቸውም መልስ ተመሳሳይ ነው፤ «ጌሚንግ ላፕቶፕ ነው፣ ሌላ ምን ትጠብቃለህ?» ይባላሉ። ይህን መልስ አልቀበለውም። አብዛኛው ቅሬታ የሚመነጨው ገዢው የማሽኑን እውነተኛ አቅም የሚናገረውን ቁጥር ሳያይ በመግዛቱ፣ ከገዛ በኋላም ከካርቶኑ የወጣበትን ሴቲንግ ሳይነካ በመጠቀሙ ነው። ሁለቱም የሚስተካከሉ ናቸው።

ቁጥሩ ዋት ነው። ላፕቶፕ ውስጥ የሚገባ ግራፊክስ ካርድ ስሙ አንድ ቢሆንም የሚፈቀድለት ኃይል እንደ ላፕቶፑ ይለያያል። ለምሳሌ የግራፊክስ ካርድ ሠሪው ኤንቪዲያ ለላፕቶፑ አርቲኤክስ 4070 ያስቀመጠው ወሰን ከ35 እስከ 115 ዋት ሲሆን፣ ፕሮሰሰሩ ብዙ በማይሠራበት ጊዜ ደግሞ እስከ 25 ዋት ሊታከልለት ይችላል። ስስ ላፕቶፕ ውስጥ በ60 ዋት የተገደበ 4070 እና ወፍራም ላፕቶፕ ውስጥ በ140 ዋት የሚሠራ 4070 ማስታወቂያው ላይ አንድ ናቸው፤ ጌሙ ሲከፈት ግን ልዩነታቸው ወዲያው ይታያል። እንዲያውም በደረጃ ዝቅ የሚለው 4060 በቂ ዋት ካገኘ የተገደበውን 4070 ሊቀድመው ይችላል።

ከዴስክቶፑ ጋር ሲነጻጸር ክፍተቱ የበለጠ ይሰፋል። የዴስክቶፑ አርቲኤክስ 5090 እስከ 575 ዋት ይወስዳል፤ ሜሞሪውም 32 ጊጋባይት ነው። ላፕቶፑ ውስጥ ያለው 5090 ግን 24 ጊጋባይት ሜሞሪ ይዞ ቢበዛ 150 ዋት፣ ከጭማሪው ጋር 175 ዋት ይሠራል። የላፕቶፑ 4090 ደግሞ የተሠራው ዴስክቶፑ 4080 ላይ ባለው ቺፕ ነው። ላፕቶፕ ውስጥ 575 ዋት ማቀዝቀዝ ስለማይቻል መቀነሱ አያስወቅስም። የሚያስወቅሰው ያንኑ ስም ለጥፎ መሸጥ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. ኤንቪዲያ አምራቾች የዋቱን መጠን በምርት ገጻቸው ላይ እንዲያሰፍሩ ጠይቆ ነበር፤ ዛሬም ግን ቁጥሩ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ከገጹ ሥር፣ በደቃቅ ጽሑፍ ነው። ስሙ በሚጻፍበት መጠን፣ ከስሙ አጠገብ መጻፍ አለበት። እስከዚያው ድረስ በእጅ ያለ ላፕቶፕ ላይ ለማየት የኤንቪዲያን ኮንትሮል ፓነል ከፍቶ ከእርዳታው ሜኑ የሲስተም መረጃ የሚለውን መጫን ይበቃል፤ ከፍተኛው የግራፊክስ ኃይል እዚያ ተጽፏል።

ይህ ማለት ግን ብዙ ዋት ያለው ሁሉ ይሻላል ማለት አይደለም። ከ60 ወደ 100 ዋት መውጣት ብዙ ፍሬም፣ ማለትም በሰከንድ የሚሣል ምስል፣ ይጨምራል። በተለይ 4060 እና 4070 ግን ከ100 ዋት ካለፉ በኋላ የሚጨምሩት ጥቂት ነው፤ ሙቀቱና ጩኸቱ ግን መጨመሩን አያቆምም። አብዛኛው ተጠቃሚ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። አምራቹ ላፕቶፑን የሚያስተካክለው በሙከራ ቻርት ላይ አንደኛ እንዲወጣ ነው። ማታ ሌላ ሰው በተኛበት ክፍል ውስጥ የሚጫወት ሰው የሚፈልገው ሌላ ነው።

ሒሳቡን ጠጋ ብሎ ማየት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። የኢንቴል ኮር አይ9 14900ኤችኤክስ ፕሮሰሰር ለአጭር ጊዜ እስከ 157 ዋት ሊስብ ይችላል። 175 ዋት የሚወስድ ግራፊክስ ካርድ ሲደመርበት 332 ዋት ይሆናል፤ ስክሪኑ፣ ፋኖቹና ኤስኤስዲው ገና አልተቆጠሩም። ከብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ላፕቶፖች ጋር የሚመጣው ቻርጀር ግን 330 ዋት ነው። ሁለቱ ባንድ ጊዜ ጣሪያቸው ላይ መቆየት ስለማይችሉ ላፕቶፑ ያለማቋረጥ ከአንዱ ወደ ሌላው ኃይል ያዘዋውራል። ጌም መሀል ላይ ድንገት የሚወርደው ፍሬም ብዙ ጊዜ ከዚህ የሚመጣ እንጂ ብልሽት አይደለም። ፕሮሰሰሩን በአምራቹ ሶፍትዌር ከ45 እስከ 65 ዋት ባለው መጠን መገደብ፣ ጌም ላይ የሚያስከፍለው ጥቂት ሆኖ፣ ለግራፊክስ ካርዱ ሁለቱንም ይተውለታል፤ ኃይልም፣ የማቀዝቀዣ አቅምም።

በዚህ ምትክ በየቦታው የሚመከረው ዘዴ የዊንዶውስን ከፍተኛ የፕሮሰሰር መጠን 99 በመቶ ላይ ማድረግ ነው። ሙቀቱን በእርግጥ ያወርዳል፤ የሚያወርደው ግን ቱርቦውን፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ከመነሻ ፍጥነቱ በላይ የሚሮጥበትን አሠራር፣ ሙሉ በሙሉ በማጥፋት ነው። 14900ኤችኤክስን የመሰለ ፕሮሰሰር መነሻ ፍጥነቱ 2.2 ጊጋኸርዝ ብቻ ስለሆነ፣ ብዙ ተጫዋች ያለበት ወይም ፕሮሰሰር የሚበላ ጌም ላይ መቆራረጥ ይጀምራል። የዋት ገደብ የሚሰጥ ሶፍትዌር እያለ ወደዚህ መሄድ አያስፈልግም።

ከዚያ ቀጥሎ ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው የፍሬም ገደብ ነው፤ የሚወስደውም አንድ ደቂቃ ነው። ስክሪኑ 240 ኸርዝ ስለሆነ፣ ማለትም በሰከንድ 240 ጊዜ ምስል ማደስ ስለሚችል ብቻ ታሪክ ያለውን ጌም በ200 ፍሬም መጫወት ጥቅም የለውም። በኮንትሮል ፓነሉ ውስጥ ከፍተኛውን የፍሬም መጠን ለፈጣን ተኩስ ጌሞች 120 ወይም 144፣ ለሌሎቹ ከ60 እስከ 90 ማድረግ ግራፊክስ ካርዱ የማያስፈልገውን ሥራ እንዳይሠራ ያደርገዋል። ገደብ ካልተደረገ አንዳንድ ጌሞች ገና ሜኑው ላይ እያሉ በሰከንድ መቶዎች ፍሬም ያወጣሉ፤ ሰው ሳይጫወት ፋኑ የሚጮኸው ለዚህ ነው።

ወደ ባትሪው ስንመጣ፣ ነቅሎ መጫወት ለምን እንደማይሆን መረዳት ብዙ ብስጭት ያስቀራል። ያለ አየር መንገድ ፈቃድ አውሮፕላን ውስጥ ይዞ መግባት የሚቻለው ባትሪ እስከ 100 ዋት-ሰዓት ስለሆነ የትልልቆቹ ላፕቶፖች ባትሪ 99 አካባቢ ላይ ይቆማል። 200 ዋት ከሚወስድ ማሽን ጋር ግማሽ ሰዓት አይሞላም፤ ባትሪውም ያን ያህል ኃይል ባንዴ እንዲሰጥ አይፈቀድለትም። ስለዚህ ሲነቀል ኃይሉ በብዙ እጥፍ ይቀንሳል። ፍሬሙ ልክ 30 ላይ ተቸንክሮ ከቀረ ደግሞ ምክንያቱ ባትሪ ለመቆጠብ ፍሬሙን የሚገድበው የኤንቪዲያ ባትሪ ቡስት ሊሆን ስለሚችል ሴቲንጉን ማየት ነው። 100 ዋት በሚሰጥ የዩኤስቢ-ሲ ቻርጀር መጫወትም መፍትሔ አይደለም። ላፕቶፑ የጎደለውን ከባትሪው ስለሚሞላ፣ እንደተሰካ ባትሪው እየወረደ ይሄዳል። ለጽሕፈትና ለኢንተርኔት ግን ይህ ትንሽ ቻርጀር ይበቃል፤ ከባዱን ቻርጀር ይዞ መዞርንም ያስቀራል።

ያለ ጌም ባትሪው የማይቆይበት ምክንያት ሌላ ነው። 90 ዋት-ሰዓት ባትሪ፣ ላፕቶፑ 10 ዋት ሲጠቀም 9 ሰዓት፣ 30 ዋት ሲጠቀም 3 ሰዓት ይቆያል። በሁለቱ መሀል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ ግራፊክስ ካርዱ ተኝቷል ወይስ ነቅቷል የሚለው ነው። በሃይብሪድ ሞድ ላይ ቀላሉን ሥራ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ትንሽ ግራፊክስ ይሠራል፤ ትልቁ ይጠፋል። ትልቁን ብቻ የሚያሠራው ሞድ ለጌም ጥሩ ነው፤ ምክንያቱም ምስሉ በትንሹ በኩል ሳያልፍ በቀጥታ ወደ ስክሪኑ ይሄዳል። ከጌም በኋላ በዚያው ከተተወ ግን ባትሪውን ይጨርሳል። ሞዱ ሃይብሪድ ሆኖም ባትሪው ቶሎ ካለቀ ተጠርጣሪዎቹ ጥቂት ናቸው፤ የሚንቀሳቀስ ዎልፔፐር፣ የኪቦርድ መብራት የሚቆጣጠረው ሶፍትዌር፣ ትልቁን ካርድ የሚጠራ ብራውዘር፣ ወይም የተሰካ ሁለተኛ ስክሪን። በብዙ ላፕቶፖች የውጭ ስክሪን የሚሰካበት ኤችዲኤምአይ የሚገናኘው ከትልቁ ካርድ ጋር ስለሆነ ስክሪን እስካለበት ድረስ ካርዱ አይተኛም። ባትሪ ላይ ሲሆን ስክሪኑን ወደ 60 ኸርዝ ማውረድም የሚታይ ጥቅም አለው።

ሌላም የተለመደ ነገር አለ። ክዳኑ ተዘግቶ ቦርሳ ውስጥ የገባ ላፕቶፕ ግሎና ባትሪው አልቆ ይገኛል። የዘመኑ ዊንዶውስ ስሊፕ ሙሉ እንቅልፍ አይደለም፤ ማሽኑ ከኢንተርኔት ጋር እንደተገናኘ ሊነቃና ሊሠራ ይችላል። ክዳኑ ሲዘጋ ሀይበርኔት እንዲያደርግ፣ ማለትም የተከፈተውን ሥራ አስቀምጦ ሙሉ በሙሉ እንዲጠፋ ማዘዝ ችግሩን ያስወግዳል። ለመነሳት ጥቂት ሰከንድ ይጨምራል፣ ያው ነው።

ስለ ሙቀት ሲወራ ቁጥሩን ብቻ አይቶ መደንገጥ ልክ አይደለም። የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች እስከ 95 ወይም 100 ዲግሪ ድረስ እንዲሠሩ ተደርገው የተሠሩ ናቸው፤ ለአጭር ጊዜ 95 መድረስ ችግር አይደለም። መታየት ያለበት ጣሪያው ላይ ተቀምጦ ፍጥነቱን እየቀነሰ መሆን አለመሆኑ ነው። ይህን የሚያሳይ ነፃ ሶፍትዌር ከፍቶ ግማሽ ሰዓት መጫወት፣ ከዚያ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያሉትን የሥራ ክፍሎች፣ የእያንዳንዱን ኮር ሙቀት ማወዳደር ነው። ሁሉም ኮሮች አብረው ከጋሉ አየር አጥሯል፣ አለዚያም ዋቱ በዝቷል። አንዱ ወይም ሁለቱ ከሌሎቹ በ15 እና በ20 ዲግሪ ከበለጡ ግን ችግሩ ከቺፑ ወደ ማቀዝቀዣው ብረት (ሄትሲንክ) ሙቀት የሚያስተላልፈው ቅባት፣ ቴርማል ፔስቱ፣ ወይም የሄትሲንኩ አገጣጠም ነው፤ ምንም ዓይነት ማቀዝቀዣ ፓድ አያድነውም።

አየር ማግኘቱ ቀላሉ ክፍል ነው። ፋኖቹ የሚስቡት ከሥር ስለሆነ የላፕቶፑን ኋላ ከ2 እስከ 3 ሳንቲሜትር ከፍ ማድረግ በቂ ነው። አልጋና ፍራሽ ላይ አስቀምጦ መጫወት ግን ቀዳዳውን እንደመድፈን ነው።

አቧራው ከዚህ ይከብዳል። የሚጠራቀመው ከውጭ በሚታየው ቀዳዳ ላይ ሳይሆን በፋኑና በሄትሲንኩ ቀጫጭን ብረቶች መሀል ነው። ከውጭ አየር መንፋት ወደ ውስጥ ይገፋዋል እንጂ አያወጣውም። ስለዚህ የሥር ክዳኑ በዓመት አንድ ጊዜ፣ አቧራ በሚበዛበት ቦታ በስድስት ወር አንድ ጊዜ መከፈት አለበት። መጀመሪያ ላፕቶፑን ማጥፋትና ቻርጀሩን መንቀል፤ ብሎኖቹ ርዝመታቸው ስለሚለያይ በወጡበት ቅደም ተከተል ወረቀት ላይ መደርደር፤ ክዳኑን በብረት ሳይሆን በፕላስቲክ መክፈቻ ማላቀቅ፤ ክዳኑ እንደተከፈተ ሌላ ነገር ሳይነኩ የባትሪውን ገመድ ከቦርዱ መንቀል። ከዚያ የፋኑን ክንፍ በጣት ይዞ ከማስወጫው በኩል ወደ ውስጥ አየር መንፋት፣ የተነሳውንም አቧራ በለስላሳ ብሩሽ ማውጣት። ክንፉ ካልተያዘ ንፋሱ ከልክ በላይ ያሽከረክረውና የፋኑን መሽከርከሪያ ይጎዳል። ረጅም ብሎን አጭር በነበረበት ቀዳዳ መግጠም ደግሞ ክዳኑን ይበሳል፤ ቦርዱንም ሊጎዳ ይችላል።

ፔስት መቀየር ግን ለሁሉም አይመከርም። ላፕቶፕ ላይ ፔስቱ ቺፑን በቀጥታ ስለሚነካና ሙቀቱ በየቀኑ ስለሚወጣና ስለሚወርድ፣ ተራ ፔስት ቀስ በቀስ ከመሀል ወደ ዳር ይገፋል። እንደ ሃኒዌል ፒቲኤም 7950 ያለው፣ ሲሞቅ የሚለሰልስ ንጣፍ ከዚህ ችግር የተሻለ ይጠብቃል፤ ሥራ በሚያውቅ ሰው ቢገጠም ገንዘቡን የሚያወጣ ነው። አንዳንድ ውድ ላፕቶፖች ግን ከፋብሪካ ፈሳሽ ብረት ተቀብቶባቸው ይመጣሉ። ይህ ነገር ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ አሉሚኒየምንም ይበላል። አንዲት ጠብታ ቦርዱ ላይ ከወደቀች ማሽኑን ልታቃጥል ትችላለች። የላፕቶፑ ዝርዝር ላይ ፈሳሽ ብረት ተጽፎ ከሆነ ፋኑን አጽድቶ ሄትሲንኩን አለመንካት ነው።

ባትሪውን በተመለከተ፣ ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚሠራ ላፕቶፕ ላይ የቻርጅ ገደቡን 80 በመቶ ማድረግ ግዴታ ሊባል ይገባል። ሊቲየም ባትሪን ቶሎ የሚያስረጀው ሞልቶና ግሎ መቆየቱ ነው፤ የጌሚንግ ላፕቶፕ ደግሞ ሁለቱንም በየቀኑ ይሰጠዋል። ይህ ገደብ ከፋብሪካ በርቶ ቢመጣ ብዙ ባትሪ ይተርፍ ነበር። ታችፓዱ ወደ ላይ ከተነሳ ወይም የሥር ክዳኑ ከተከፈተ ባትሪው አብጧል ማለት ነው። ሳይሰኩ፣ ሳይበሱና ሳይጫኑ ወዲያው ወደሚቀይር ባለሙያ መውሰድ ያስፈልጋል።

ለሚገዛ ሰው ሁለት ነገር ልጨምር። ራሙ አንድ ብቻ ሆኖ ከመጣ ሁለተኛ ማስገባት ከማንኛውም ሴቲንግ በላይ ጌሙን ሊያለሳልስ ይችላል፤ አንድ 32 ጊጋባይት ከማድረግ ሁለት 16 ይሻላል። ቦርዱ ላይ የተበየደ ራም ግን መጨመር ስለማይቻል ያኔውኑ በበቂ መጠን መውሰድ ነው። ሁለተኛው፣ የግራፊክስ ሜሞሪ ፈጽሞ አይጨመርም። የላፕቶፑ አርቲኤክስ 5070 ያለው 8 ጊጋባይት ሲሆን 5070 ቲአይ 12 ጊጋባይት አለው። ከባድ ጌሞችን በከፍተኛ የምስል ጥራት ለሚጫወትና ላፕቶፑን ለዓመታት ማቆየት ለሚፈልግ ሰው ከኸርዝ ይልቅ እዚህ ላይ ገንዘብ መጨመር ይጠቅማል።

የኮሮቹ ሙቀት ፍተሻ ደግሞ መደረግ ያለበት መመለሻ ጊዜው ሳያልፍ ነው። ላፕቶፑ ገና አዲስ እያለ ግማሽ ሰዓት ከባድ ጌም ማጫወት፣ የግራፊክስ ካርዱ በምርት ገጹ የተጻፈውን ዋት መድረሱን ማየት፣ የኮሮቹን ሙቀት ፎቶ ማንሳት። አዲስ ማሽን ላይ የ20 ዲግሪ ልዩነት ከታየ ከፍቶ ፔስት መቀየር የገዢው ሥራ አይደለም፤ ፎቶውን ይዞ መመለስና ሌላ መጠየቅ ነው።