ሬሞት ለጨበጠው ትውልድ የቀረበ ምስጋና

ድሬዳዋ ጀግና አጥታ አታውቅም። ሰሞኑን ደግሞ አዲስ ዓይነት አፍርታለች፦ የልጅነት ፊልሙን ናፋቂ። ታውቁታላችሁ። አርባን ገፋ አድርጓል፣ ሽርጡን አገልድሟል፣ ጉንጩ ባወዳይ ጫት ተወጥሯል። አፉን ሲከፍት "አቦ፣ በኛ ጊዜ እኮ..." ይላል። እሱን ካለ በኋላ ቶሎ ወደ ቤት መግባት የለም።

ዕድሜውን ያርዝምልን። እሱ ባይኖር በፈረንጆቹ 1995 የወጣው የድብድብ ፊልም፣ "ሞርታል ኮምባት"፣ በዓለም የመጨረሻው ፊልም መሆኑን ማን ይነግረን ነበር? ከዚያ ወዲህ ፊልም ተሠርቶ አያውቅም። ተሠርቷል የምትሉ ካላችሁ እሱ "ኮምፒውተር ነው"። በ2021 እንደ አዲስ የተሠራውንም አይቶታል፤ አሥር ደቂቃ። ለመናደድ የሚበቃውን ያህል።

ባለፈው እሁድ ከዚራ አካባቢ ከነዚህ ጀግኖች አንዱ ቤት ለትዝታ ተጠራን። ፊልሙ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1 ሰዓት ከ41 ደቂቃ ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት ጀመርን። የመግሪብ አዛን ሲሰማ አክተሩ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነበር።

ምክንያቱም ሬሞቱ በጀግናው እጅ ነው። ፊልሙ ሲጀምር እሳት ይንቦገቦጋል፣ ዘንዶው ይወጣል፣ አንድ ሰው የፊልሙን ስም እየጮኸ ይጠራል። እዚያ ላይ አቆመው። "ቪዲዮ ቤት ሁላችንም አብረን ነበር የምንጮኸው!" አለ። መለሰው። ጮኽን። ጥግ የተቀመጠው ሰውዬ ስላልጮኸ እንደገና መለሰው።

ከዚያ ማብራሪያው ቀጠለ። ባለ አራት እጁ ጎሮ ገና ብቅ ሳይል በማን እንደሚሸነፍ፣ የትኛው ቦታው ላይ እንደሚመታ፣ ከየትኛው ገደል ላይ እንደሚንጠለጠል ተነገረን። እንዳንደነግጥ ብሎ ነው፤ አሳቢ ነው።

ግን ባልዲው ይበልጣል። አክተሩ ሊዩ ካንግ በረዶ ከሚተፋው ሰብ ዜሮ ጋር ሲፋለም ልዕልቷ ኪታና "ሕይወት የሚሰጠውን ተጠቀም" ዓይነት ፍንጭ ትሰጠዋለች። ባልዲ ውሃ አንስቶ ይወረውራል፤ ውሃው አየር ላይ ይረጋና ጦር ሆኖ ሰብ ዜሮን ይወጋዋል። እዚህ ቦታ ላይ ጀግናችን መረቀነ። በፊት አብራራ። እየታየ አብራራ። ካለፈ በኋላ አቆመውና ስለ ውሃ ጥቅም አብራራ። ቃል አልበቃው ሲል ተነሳ፣ የውሃውን ጆክ አነሳ፣ ጎረቤቱን "አንተ ሰብ ዜሮ ነህ፣ ቁም" አለው። ሰውዬው የአምስት ልጆች አባት ነው። ቆመ። ውሃው ተወረወረ። በድሬ ሙቀት በረዶ የሚሆን ውሃ የለምና ፍራሹ ላይ፣ ምንጣፉ ላይ፣ የሰው ጫት ላይ ወረደ። ጀግናው ግን "አያችሁ? ታይሚንግ ነው!" አለ።

አንዱ ምስኪን "ቆይ፣ ባልዲውን እዚያ ማን አስቀመጠው?" ብሎ ጠየቀ። ዝም ተባለ። ጥያቄው እስካሁን አልተመለሰም። ጠያቂውም ከእንግዲህ የሚጠራ አይመስለኝም።

ይኼን ጊዜ ልጁ ጥግ ላይ ተቀምጦ በስልኩ ጌም ይጫወታል። አባቱ አየው። "ጌም! ጌም! ይሄ ጌም ጭንቅላታችሁን በላው! በኛ ጊዜ እንዲህ ነበር?" አለና ፊልሙን ለቀቀው። ከጌም የተሠራውን ፊልም።

አባት ሲመክር እንዲህ ነው። ፊልሙን የወለደው ጌም በ1992 የወጣ፣ ሳንቲም እየበላ በሚያጫውት ማሽን የጀመረ ነው። በ1993 የአሜሪካ ሴኔት ውስጥ "ልጆቻችንን አበላሸ" ከተባሉት ጌሞች ዋናው እሱ ነበር። በዚያ ጩኸት ምክንያት በ1994 ለጌም የዕድሜ ደረጃ የሚሰጥ ተቋም ተቋቋመ። ለፊልሙም ታዳጊ እንዲገባበት ተብሎ ደሙ ተቀነሰለት። እኛ ያየነው የታጠበውን ነው። ጌሙን ደግሞ ከመካከላችን የነካው የለም፤ እኛ ሰፈር ማሽኑ አልነበረም። ጀግኖቻችን ግን ወሬያቸው በእጃቸው ገድለው የመጡ ነው የሚመስለው።

የጀግናው እህት የሻይ ትሪ ይዛ በር ላይ ቆማ ነበር። "ፊልሙ ስለምንድነው?" አለች።

አላየችውም። የት ታየዋለች? ቪዲዮ ቤት ሴት ልጅ አትገባም ነበር። ብትገባ በማግሥቱ ስሟ ሰፈሩን ይዞራል። እሱ ስሙኒውን ጨብጦ ሲሮጥ እሷ ጀሪካን ይዛ ቦኖ ላይ ወረፋ ትጠብቃለች። ስሙኒውም ቢሆን አንዳንዴ ባጅያ ጠብሳ ከሸጠችው የተወሰደ ነው። "የኛ ትውልድ"፣ "ሁላችንም" እያላችሁ ደረታችሁን ትነፋላችሁ። ማነው ሁላችንም? የትውልዱን ግማሽ በር ላይ ገትራችሁ የምትናፍቁት ልጅነት የማን ነው? ይኸው ዛሬም በር ላይ ናት። ቁጭ በይና እዪ ያላት የለም። እኔም አላልኩም፤ ሻዩን ተቀብዬ ጠጣሁ። ነውር ነው!

ወንድሟ "ቆይ፣ በኋላ እነግርሻለሁ" አላት። አልነገራትም። ለኛ ሦስቴ ነግሮናል።

ወደ ምስጋናችን እንመለስ። ስንወጣ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ይሄ ፊልም በ1997 ክፍል ሁለት ወጥቶለታል። ያንንም ከፍለን፣ ያው አግዳሚ ላይ ተጠባብቀን፣ ያው ቆርቆሮ ሥር እያላበን ነው ያየነው። እስከ ዛሬ "በኛ ጊዜ" ብሎ ያነሳው ሰው ግን አልገጠመኝም። በጣም አስቀያሚ ስለነበረ ልጅነታችን ውስጥ አልተቆጠረም።

"የሚመጣው እሁድ ክፍል ሁለትን አሳየና" አልኩት።

ሬሞቱን አስቀመጠ። "አቦ ተወው፣ ካሴቱን ዴኩ በላው" አለኝ።

ሲያሳየን የዋለው ከፍላሽ ነው። ሁለቱም እዚያው ላይ አሉ፤ ስሙን ስክሪኑ ላይ አይቼዋለሁ።