«አራት ጂቢ ነው» እያላችሁ አትሽጡልን

ይሄን ነገር ውስጤ ይዤው ከርሜያለሁ፤ አሁን ግን በቃኝ፣ መናገር አለብኝ። ለአሮጌ ዴስክቶፕ አንዲት ግራፊክስ ካርድ (ምስልና ቪዲዮ የሚያቀናብርለትን ክፍል) መግዛት አዲስ አበባ ውስጥ ለምንድነው እንዲህ መከራ የሆነው?

ብዙዎቻችን ቤት ያለው ዴስክቶፕ ለቢሮ ተብሎ የተሠራ ነው። ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይ ኤችፒ ኤሊትዴስክ፣ ውጭ አገር የሆነ መሥሪያ ቤት ሲሠራበት ኖሮ ያስወገደው፣ በዱባይ በኩል ዞሮ የገባ፣ ኮር አይ ፋይቭ፣ ሦስተኛ ወይ አራተኛ ጀነሬሽን። ዕቃው ጠንካራ ነው። ኤስኤስዲ ከገባለትና ራሙ 16 ጂቢ ከደረሰ ዛሬም ሥራ ይሠራል። የሚጎድለው ግራፊክስ ነው። ሠርግ የሚቀርጸው ልጅ፣ አርክቴክቸር የምትማረው ተማሪ፣ ብሌንደር የሚባለውን የ3ዲ ፕሮግራም የሚለማመደው፣ ማታ ማታ ኳስ መጫወት የሚፈልገው፣ ሁሉም አንድ ቀን «የቱን ካርድ ልግዛ?» ማለቱ አይቀርም። አዲስ ኮምፒውተር መግዛትማ የብዙዎቻችን አቅም አይደለም።

እና ሱቅ ትሄዳለህ። መገናኛ ሂድ፣ መርካቶ ውረድ፣ ቦሌን ዙር፣ የሚጠብቅህ ጥያቄ ያው ነው። «ስንት ጂቢ ፈለግክ?» በቃ። ባለ ሁለት አለ፣ ባለ አራት አለ፣ ዋጋውም በጂቢው ልክ ይጨምራል። የካርዱን ስም ስትጠይቅ «ኤንቪዲያ ነው ብራዘር» ይሉሃል። ኤንቪዲያ እኮ የኩባንያው ስም ነው። እሺ፣ ኤንቪዲያ የቱ? «ባለ አራት ጂቢው ነዋ፣ ሁሉንም ጌም ይስባል»።

ኧረ በፈጠራችሁ! ጂቢ የካርዱ ጉልበት አይደለም። የሚሞሪው ስፋት ነው። መጋዘኑ ሰፊ ስለሆነ ሠራተኛው ጎበዝ ነው አይባልም።

በቁጥር ላሳያችሁ። ጂቲ 730 የሚባል ካርድ አለ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ባለ አራት ጂቢ ሆኖም ይሸጣል። ጂቲኤክስ 1650 የሚባል አለ፣ በ2019 የወጣ፣ እሱም አራት ጂቢ ነው። ባለ 64 ቢቱ (የሚሞሪው መንገድ ጠባብ የሆነው) ጂቲ 730 ሚሞሪው ዲዲአር3 የሚባለው ዘገምተኛ ዓይነት ሆኖ በሰከንድ የሚያመላልሰው 14.4 ጊጋባይት ገደማ ነው። 1650ው 128 ጊጋባይት። ዘጠኝ እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረውም፤ የቺፖቹን ልዩነት ገና ሳንጨምርበት ማለት ነው። ሱቅ ውስጥ ግን ሁለቱም «አራት ጂቢ» ተብለው ጎን ለጎን ተደርድረዋል። የማያውቅ ሰው ረከስ ያለውን ያነሳል፣ ምን ያድርግ? ቤቱ ሄዶ ሰክቶት ቪዲዮው እንደ በፊቱ ሲንቀራፈፍበት ኮምፒውተሩ አርጅቶ ይመስለዋል። አላረጀም። የተሸጠለት ካርድ ነው የማይረባው።

ስሙን ብታውቅም እኮ አትድንም። ጂቲ 1030ን ተመልከቱ። በ2017 ሲወጣ ሚሞሪው ለግራፊክስ የሚሠራው ፈጣኑ ጂዲዲአር5 ነበር፣ በሰከንድ 48 ጊጋባይት። በ2018 ደግሞ ያንኑ ስም ይዞ በተራ ዲዲአር4 ወጣ፣ 16.8 ጊጋባይት። ስሙ አንድ፣ ጂቢው አንድ፣ ዕቃው የተለያየ። ይሄ የመርካቶ ሥራ አይደለም፣ ከፋብሪካው እንዲህ ሆኖ ነው የመጣው። ስለዚህ ሳጥኑ ላይ በደቃቅ ጽሑፍ የተጻፈውን የሚሞሪ ዓይነት ካላነበብክ የቱን እንደገዛህ አታውቅም። ቪዲዮ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ሌላ ጉድ አለው። ጂቲ 1030 ላይ ቪዲዮ ኢንኮድ የሚያደርገው፣ ማለትም የተቀናበረውን ጨምቆ ፋይል አድርጎ የሚያወጣው ክፍል የለም። ቪዲዮ ማጫወት ላይ ያግዛል እንጂ ኤክስፖርት ስታደርግ ካርዱ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ ሥራው ሁሉ ተመልሶ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል። ይሄንኑ ካርድ ግን «ለኤዲቲንግ ምርጥ» እያሉ ሲሸጡት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ብሶቴ ልምጣ።

የአክስቴ ልጅ ሠርግ ይቀርጻል። እንጀራው ነው። ያለችው አንዲት ኦፕቲፕሌክስ ናት፤ የሙሽሮቹን ቪዲዮ አቀናብሮ የሚያስረክበው በሷ ነው። ቴሌግራም ላይ «ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ፣ 4 ጂቢ፣ ብራንድ ኒው፣ ኦርጅናል» የሚል ማስታወቂያ አይቶ ብሩን አስተላለፈና ዕቃው በሞተር መጣለት። ሳጥኑ ያምራል፣ ፕላስቲኩ አልተከፈተም። ሲሰካው ዊንዶውስ ስሙን በትክክል «ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ» ብሎ አነበበው። ልጁ ደስ አለው። ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራውን ፕሮግራም) ሊጭን ሲል ግን ስክሪኑ ጠቆረ። አስነስቶ እንደገና ሞከረ፣ እንደገና ጠቆረ። ደውሎ ጠራኝና ሄድኩ።

ካርዱን ነቅዬ ሶኬቶቹን አየኋቸው። አንድ ኤችዲኤምአይ፣ አንድ ዲቪአይ፣ ከጎናቸው ሰማያዊ የቪጂኤ ሶኬት። እዚያው ላይ ደሜ ፈላ። 1050 ቲአይ የተሠራበት የፓስካል ትውልድ ቺፕ የአናሎግ ምስል አያወጣም፣ ቪጂኤ ደግሞ አናሎግ ነው። ታዲያ ይሄ ሶኬት ምን ይሠራል? መልሰን ሰካነውና ጂፒዩ-ዚ የምትባለውን ነፃ ፕሮግራም ከፈትን። ከካርዱ ስም ፊት በቅንፍ «ፌክ» ብላ አወጣችው። ከሥሩ የቺፑ እውነተኛ ስም አለ፦ ጂኤፍ116። የጂቲኤክስ 550 ቲአይ ቺፕ ነው፣ የ2011። አንድ ሰው የሆነ ቦታ ተቀምጦ የዚያን አሮጌ ካርድ ባዮስ (ማንነቱን ለኮምፒውተሩ የሚናገረውን የውስጥ ፕሮግራም) ቀይሮ፣ አዲስ ስም ጽፎበት፣ አዲስ ማራገቢያ ገጥሞለት፣ በአዲስ ሳጥን አሽጎ ልኮልናል። አራት ጂቢ የተባለውም ሚሞሪ ሐሰት ነው።

ይሄ ፎርጅድ ዕቃ ዓለም ላይ አዲስ አይደለም። ጂፒዩ-ዚ ራሷ ፎርጅድ ካርድ መለየት የጀመረችው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው፣ ይሄን ያህል ዓመት የታወቀ ነገር ነው። እኔን ያንገበገበኝ የሻጩ መልስ ነው። «ከኛ ሲወጣ ይሠራ ነበር፣ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም።» ከዚያ ብሎክ አደረገው። ደረሰኝ የለ፣ የሱቅ አድራሻ የለ። ሸማችን የሚጠብቅ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አለን፣ እሰየው፤ ግን ሻጩ ማን እንደሆነ የማታውቀውን ሰው ይዘህ የት ትከሳለህ? ልጁ ያጣው ገንዘብ የአንድ ሠርግ ክፍያ ነው። ቅዳሜና እሁድ ሙሉ ቀን ቆሞ ቀርጾ፣ ድንኳን ለድንኳን ተንከራቶ ያገኘው ገንዘብ!

ሐሰተኛ ካርድ ባይሸጡልህም ኮምፒውተርህን ሳይጠይቁ ይሸጡልሃል። «ምን ዓይነት ኬዝ ነው ያለህ? ፓወር ሰፕላይህ ስንት ዋት ነው?» ብሎ የጠየቀኝ ሻጭ እስከዛሬ አልገጠመኝም። ለአሮጌ የቢሮ ዴስክቶፕ እኮ ካርዱን የሚመርጥልህ ኃይል የሚያድለው ፓወር ሰፕላዩ ነው። ትንሿ ኦፕቲፕሌክስ 9020 ያላት 255 ዋት ነው። ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ባለ ስድስት ፒን ገመድ ከውስጧ አይወጣም። ካርዱ የሚያገኘው ኃይል የሚሰካበት ስሎት የሚሰጠው 75 ዋት ብቻ ነው፣ ከዚያ በላይ የሚፈልግ ካርድ አይሆንም ማለት ነው። ኬዟም ቀጭን ስለሆነች ሎው ፕሮፋይል የሚባለው አጭሩ ካርድ ካልሆነ ክዳኗ አይገጥምም። ፓወር ሰፕላዩን ልቀይረው ብትል ደግሞ ማዘርቦርዷ የሚቀበለው ባለ ስምንት ፒን ነው፣ ገበያ ላይ ያለው ባለ ሃያ አራት፤ መቀየሪያ ገመድ ፍለጋ ሌላ ዙር መንከራተት።

ለዚህች ኮምፒውተር ነው እንግዲህ አርኤክስ 580 የሚሸጡት። 185 ዋት የሚበላ ካርድ! «ገመድ የለውም» ስትላቸው ከመሳቢያ ውስጥ የሳታ መቀየሪያ፣ የሃርድ ዲስክን ገመድ ወደ ካርድ ገመድ የሚቀይር፣ ያወጡልሃል። ይሄን ነገር እባካችሁ አትግዙ። የሳታ ሶኬት በ12 ቮልት እንዲሸከም የተፈቀደለት 54 ዋት ነው፣ በዚያ መቀየሪያ በኩል ካርዱ 75 ዋት ሊስብ ይችላል። ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ እሳትም ያስነሳል። መብራት በሚዋዥቅበት ሰፈር ቤት ውስጥ ልጆች ተኝተው ይሄን ሰክቶ ማደር ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። አርኤክስ 580ውም ራሱ ይጠየቃል፦ ባለ 2304 ኮሩ (ኮር ማለት ስሌቱን የሚሠሩት ጥቃቅን ክፍሎች ናቸው) ነው ወይስ ባለ 2048ቱ? ባለ 2048ቱ በሥራው አርኤክስ 570 ነው። ብዙዎቹም ኢቴሪየም የሚባለውን ዲጂታል ገንዘብ ሲያመርቱ የኖሩ ናቸው። መስከረም 2022 እ.ኤ.አ. ኢቴሪየም በካርድ መመረቱ ሲቆም በየአገሩ ገበያውን ያጥለቀለቁት እነሱ ናቸው። ያገለገለ መሆኑ አይደለም የሚያናድደኝ፣ ታጥቦና ታሽጎ «ብራንድ ኒው» መባሉ ነው።

ዋጋውስ? «ዋጋ በኢንቦክስ»። ለምን? ምን የሚደበቅ ነገር አለው? ለኔ አንድ ዋጋ፣ ለሚቀጥለው ሰው ሌላ ዋጋ ለመጥራት ካልሆነ በቀር። የብሩ ነገር እንደሆነ ይገባኛል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከመቶ አለፈ። ጂቲኤክስ 1650 ሲወጣ 149 ዶላር ነበር። በድሮው ምንዛሪ 8,500 ብር አካባቢ፣ በመቶ ብር ሲመታ 15 ሺህ ሊደርስ ምንም አይቀረውም፤ ያውም የማምጫውና የነጋዴው ትርፍ ሳይታሰብ። ነጋዴው ዕቃ ማስገባት እንደከበደው አውቃለሁ፣ በዚያ አልወቅሰውም። ግን ዋጋው እንዲህ በናረበት ሰዓት ነው ሐቀኛ መረጃ የበለጠ የሚያስፈልገን። ድሮ ሁለት ሺህ ብር ከተሸወድክ አዝነህ ትተወዋለህ። አሁን የወር ደመወዝህን ነው የምትሰጠው።

ለሚጠይቁኝ ሰዎች የምለው ይሄን ነው። ኬዝህ ቀጭን ከሆነና ፓወር ሰፕላይህ የፋብሪካው ከሆነ፣ ያለ ተጨማሪ ገመድ የሚሠራውን ሎው ፕሮፋይል ጂቲኤክስ 1650 ፈልግ። አቅም ካለህ አርቲኤክስ 3050 ባለ 6 ጂቢው አለ፣ 70 ዋት ነው፤ ባለ 8 ጂቢው ግን ሌላ ካርድ ነው፣ ገመድ ይፈልጋል፣ እንዳያሳስቱህ። አርኤክስ 6400ን ዋት ስለማይበላ ይመክሩሃል። ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው በአራት መስመር ብቻ ስለሆነ አሮጌ ማዘርቦርድ ላይ ይታነቃል፣ ቪዲዮ ኢንኮድም አያደርግም፤ ለኤዲተር አይሆንም። ሻጮች «የጌም አይደለም» ብለው ጥግ የሚያስቀምጡትን ቲ1000 ካየህ ደግሞ እንዳታልፈው። ከ1650 ጋር እኩል 896 ኮር ያለው፣ 50 ዋት ብቻ የሚበላ፣ ቀጭን ኬዝ ውስጥ የሚገባ ካርድ ነው። የሚያስፈልግህ ከሚኒ ዲስፕሌይፖርት የሚቀይር ገመድ ብቻ ነው። 1050 ቲአይ እውነተኛው እንኳ ቢገኝ አሁን አልመክርም፤ ለፓስካል ካርዶች መደበኛው ድራይቨር በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. አብቅቷል፣ የቀረው የደኅንነት ማሻሻያ ብቻ ነው።

እናንተ ሻጮች ደግሞ፣ የምንጠይቃችሁ ነገር ከባድ አይደለም። ሙሉ ስሙን ጻፉ። የሚሞሪውን ዓይነት ጻፉ። ዋጋውን ጻፉ። ያገለገለ ከሆነ ያገለገለ ነው በሉ፣ እንገዛዋለን፣ አብዛኞቻችን የምንኖረው ባገለገለ ዕቃ ነው። ሱቃችሁ ውስጥ አንድ ክፍት ኮምፒውተር አስቀምጡና ካርዱን ፊታችን ሰክታችሁ ጂፒዩ-ዚን ክፈቱልን። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

የአክስቴ ልጅ ጥር ሳይገባ ካርድ ማግኘት አለበት፣ ቀብድ የተቀበለባቸው ሠርጎች አሉ። ሎው ፕሮፋይል 1650 ወይ ቲ1000 ያለው፣ ዋጋውን በግልጽ የሚናገር፣ ሰክቶ አሳይቶ ደረሰኝ ቆርጦ የሚሸጥ ሰው የምታውቁ ካላችሁ ሱቁ የት እንደሆነ ጻፉልኝ። በኢንቦክስ ሳይሆን እዚሁ፣ ሁሉም እንዲያየው።