አጥራችሁን ገና አትከርክሙት

ጥቅምት ገባ ማለት ደብረ ብርሃን ላይ የገጀራ ወር ገባ ማለት ነው። ዝናቡ ቆሟል፣ ጭቃው ጠጥሯል፣ ሰው ክረምቱን ሙሉ ዞር ብሎ ያላየውን ግቢውን ያይና ይደነግጣል። ጽዱ ወደ መንገድ ወጥቷል። ቀጋው በሩን ሊዘጋ ምንም አልቀረው። ሣሩ ጉልበት ደርሷል። ከዚያ ቅዳሜ ጠዋት አንድ የቀን ሠራተኛ ይጠራና ምሳ ሰዓት ሳይደርስ አጥሩ ተላጭቶ ያልቃል።

እኔ የምለው አጭር ነው። ቆዩ። አንድ ወር ብቻ ቆዩ፣ አጥሩ ውስጥ ጫጩት ማሳደግ ገና ያልጨረሱ ወፎች አሉ።

ብዙ ሰው የወፍ ጎጆ የክረምት ጉዳይ ብቻ ይመስለዋል። ዝናቡ ሲመጣ ይሠራሉ፣ ይፈለፍላሉ፣ መስቀል ሲደርስ ሁሉም በርሮ አልቋል። ግማሹ እውነት ነው። አባጨጓሬና ፌንጣ ለቅመው የሚኖሩት ነፍሳት በሚበዙበት በዝናቡ ወራት ይጣደፋሉ። የሣር ፍሬና እህል የሚለቅሙት ግን ሌላ ሒሳብ አላቸው። ሐምሌ ላይ ሣሩ ለምለም ነው እንጂ ፍሬ የለውም። ፍሬው የሚበስለው ዝናቡ ሊወጣ ሲል፣ ከወጣም በኋላ ነው። ጓዳው ሳይሞላ ልጅ የሚወልድ ደግሞ የለም። በዛ ላይ የነሐሴ በረዶ አለ። የመጀመሪያውን ጎጆ በረዶ ያወረደባት ወይም ቁራ እንቁላሏን የበላባት ወፍ ቁጭ ብላ አታለቅስም፣ እንደገና ትጀምራለች። ጥቅምት ላይ የምናየው ጎጆ ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ሙከራ ነው።

በዓመት አንዴ ብቅ የሚልን ሰው የመስቀል ወፍ እንለዋለን አይደል? ወፉ ግን የትም አልሄደም። ወንዱ ክረምት ላይ ቢጫና ጥቁር ወይም ቀይና ጥቁር ይለብሳል፣ ወቅቱ ሲያልፍ ላባውን ይቀይርና እንደ ሴቷ ቡናማ ዝንጉርጉር ይሆናል። ከዚያ ዓመቱን ሙሉ ከድንቢጥ ጋር ተቀላቅሎ የታጨደ ማሳ ላይ ሲለቅም እያየነው አናውቀውም። ያን የክት ልብሱን የሚያወጣው ሴት ለመጥራት ነው። እንግዲህ አስቡት፣ መስከረም አጋማሽ ላይ ገና ሴት እየጠራ ከሆነ እንቁላሉ መቼ ሊጣል፣ ጫጩቱ መቼ ሊበር ነው? (የማሳደጉ ሥራ ደግሞ የሴቷ ብቻ ነው። እሱ ሌላዋን እየጠራ ነው።)

ስለ አጥርና ስለ ወፍ ኢንተርኔት ላይ ብትፈልጉ የምታገኙት ምክር የእንግሊዝ አገር ነው። ከማርች እስከ ኦገስት አጥር አትቁረጡ ይላል። ለእነሱ ልክ ነው። እዛ ወፉን የሚቀሰቅሰው የቀኑ መርዘም ነው። እኛ ጋ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መሀል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም፣ ስለዚህ የእኛ ወፍ በዋናነት የሚከተለው ዝናቡንና ዝናቡ የሚያበስለውን ነው። ምክሩን እንዳለ ብንወስደው «ኦገስት አለፈ፣ ቁረጥ» ይለናል፣ ልክ ጫጩቶቹ አፋቸውን ከፍተው በሚጠብቁበት ጊዜ። ወደ አንኮበርና ደብረ ሲና ቁልቁለት ሲኬድ ደግሞ በልግም ስለሚዘንብ የወፎቹ ቀን መቁጠሪያ ጭራሽ ይደበላለቃል።

ርግብና ዋኖስማ ወቅት አላቸው ማለትም ይከብዳል። ጫጩቶቻቸውን የሚመግቡት ነፍሳት እያደኑ አይደለም። ጉሮሯቸው ሥር ካለው ከረጢት ወተት መሳይ ነገር ይመነጫል፣ ወንዱም ሴቷም ያንን ያጎርሳሉ። ወላጆቹ የሚለቅሙት ጥሬ እስካገኙ ድረስ በየትኛውም ወር ሁለት እንቁላል ጣል ማድረግ ይችላሉ። የዋኖስ ጎጆ ደግሞ ጎጆ አይባልም፣ ጥቂት ጭራሮ ተደራርቦ ከታች ሆነው ሲያዩት ሰማዩ የሚታይበት ነገር ነው። ሰው «ይሄማ የተተወ ነው» ብሎ ጠርጎ የሚጥለው አብዛኛውን ጊዜ እሱን ነው።

አሁን ወደ ብርዱ ልምጣ፣ ምክንያቱም ይሄ የእኛ አገር ጉዳይ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ናት። ከጥቅምት ጀምሮ ሌሊቱ ይጠነክራል፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሣሩ አመዳይ ለብሶ የሚያድርበት ጠዋት አለ። አጥር ውስጥ የተፈለፈለ ጫጩት ደግሞ ራቁቱን ነው የሚወጣው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት የራሱን ሙቀት መጠበቅ አይችልም፣ እናቱ ካልተቀመጠችበት ያልቅለታል። ለዚህ ነው ጎጆውን ውስጡን በላባና በጠጉር የሚደለድሉት። በግ የተሻሸበትን ሽቦ አጥር ጠዋት ጠዋት ብታዩት፣ ድንቢጦች የመንዝ በግ ጠጉር በአፋቸው ይዘው ሲሄዱ ታያላችሁ። እንግዲህ ገጀራው ጎጆውን ባይነካው እንኳ፣ ሰው በማለዳ ብርድ እናቲቱን አስነስቶ ለረጅም ሰዓት አጠገቡ ሲያንኳኳ ቢቆይ የአራስ ቤት በር ከፍቶ ጥሎ እንደመሄድ ነው። ሥራ ካለባችሁ ቢያንስ ፀሐይ ሞቅ እስኪል ጠብቁ።

ጎጆው ሰው አለበት ወይስ የለበትም የሚለውን ማወቅ አይከብድም። ግን እጅ በመክተት አይደለም። እጅ ሳይሆን ትዕግሥት ነው የሚፈልገው፣ ደግሞም ራቅ ማለት። ወንበራችሁን በረንዳ ላይ አድርጉ፣ ቡናችሁን ያዙ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ቁጭ በሉና የወፏን አፍ እዩ። ሣር ወይም ላባ ይዛ ከገባች ገና እየሠራች ነው። ትል ወይም ፌንጣ ይዛ ገብታ ባዶ አፏን ከወጣች ውስጥ ጫጩት አለ። ነጭ ነገር፣ ትንሽ ከረጢት የምትመስል፣ በአፏ ይዛ ወጥታ ራቅ አድርጋ ከጣለች ደግሞ ምንም ጥርጥር የለውም። እሱ የጫጩቶቹ ኩስ ነው፣ በስስ ሽፋን ተጠቅልሎ ይወጣል፣ እናት እያነሳች ትጥላለች። ጎጆው እንዳይሸት፣ ጠላት እንዳይጠራ። ምንም የማይገባ የማይወጣ ከሆነም ቶሎ አትፍረዱ። እንቁላል ላይ ያለች ወፍ ረጅም ጊዜ ዝም ብላ ትቀመጣለች። በሌላ ሰዓት፣ በሌላ ቀን ድገሙት።

እናንተን እያየች ካልገባች ቅርብ ናችሁ ማለት ነው። ወደ ኋላ በሉ። አፏ ላይ ትል ይዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየዘለለች የምትጮህ ወፍ እየዘፈነች አይደለም፣ «ሂዱልኝ» እያለች ነው። ሰው ደጋግሞ አንድ ቁጥቋጦ ሥር ሲቆም ቁራም ያያል። ቁራ ሞኝ አይደለም፣ ሰው ምን እያየ እንደሆነ መጥቶ ያጣራል።

የቢጫዎቹ ጎጆ ሠሪዎች ነገር ሰውን የሚያሳስት ነው። ወንዱ ሸምኖ ያንጠለጥላል፣ ሴቷ ታያለች፣ ካልወደደችው ትታው ትሄዳለች። ስለዚህ አንድ ዛፍ ላይ ባዶና ሙሉ ጎጆ ጎን ለጎን ሊኖር ይችላል። አንዱን አይታችሁ ባዶ ስለሆነ ሌላውም ባዶ ነው ማለት አይደለም።

አንድ ወር የምለው ከየት መጣ? ትንንሾቹ ወፎች በአብዛኛው ሁለት ሳምንት ገደማ እንቁላል ላይ ይቀመጣሉ፣ ከዚያ ጫጩቱ ጎጆ ውስጥ ሌላ ሁለት ሳምንት ገደማ ይቆያል። ትላልቆቹ ይረዝማሉ። ዛሬ እንቁላል ካያችሁ በወሩ ባዶ ጎጆ ነው የምታገኙት። ከዚያ በኋላ ከርክሙት፣ ገጀራ ሆነ መቀስ የፈለጋችሁትን።

ጫጩቱ ከጎጆ ሲወጣ ሌላ ችግር ይመጣል። በደንብ ሳይበር ነው የሚወጣው። መሬት ላይ ይዘላል፣ ጭራው አጭር ነው፣ ምስኪን ይመስላል። ልጆች ያነሱትና በካርቶን ውስጥ እንጀራ ያጎርሱታል፣ ሲነጋ ይሞታል። አልወደቀም እኮ፣ ትምህርት ላይ ነው። እናቱ አቅራቢያው አለች። መንገድ ላይ ከሆነ አንስታችሁ ቁጥቋጦ ውስጥ አስቀምጡትና ዞር በሉ። ሰው የነካውን እናቱ ትተወዋለች የሚባለው ወሬ ነው፣ እጃችሁ ስለነካው ብላ አትጥለውም። የምትፈራው እዛው ቆማችሁ ስትቀሩ ነው። ድመቷን ግን ለዚያች ሳምንት እቤት ያዙልኝ።

ስለ ማዳበሪያ ክርም ሳልናገር አላልፍም። ያረጀ የማዳበሪያ ከረጢት አጥር ላይ ተሰቅሎ ክሩ ሲበታተን ወፎች ሣር መስሏቸው ይወስዱታል። ክሩ ግን አይበጠስም። የጫጩቱ እግር ላይ ይጠመጠማል፣ እግሩ ሲወፍር ክሩ ይጠብቃል፣ መብረር በሚገባው ቀን ታስሮ ይቀራል። ያንን ከረጢት ማንሳት ምንም አያስከፍልም።

«ወፍ እኮ ገብሳችንን የሚበላ ነው» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ገበሬ ከሆነ አልከራከረውም። ሸዋ ሮቢት አካባቢ ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ማሽላ የሚጠብቅ ልጅ ያለበት ቤት፣ ግሪሳ ወርዶ ማሳ ሲያወድም ያየ ሰው፣ ስለ ጫጩት ርኅራኄ ከከተማ ሰው አይማርም። ግን ግሪሳ ሌላ ነው፣ ጠባሴ ሰፈር ጽድ ውስጥ ያለችው ድንቢጥ ሌላ። እኔ የማወራው ገብስ ስለሌለበት ግቢ ነው። ደግሞ ራሷ ጥሬ ለቃሚ ብትሆንም ለጫጩቶቿ የምታጎርሰው በአብዛኛው ነፍሳት ነው፣ ጎመናችሁን ከሚበሉት ጭምር።

ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ከተማው በፍጥነት እያደገ ነው፣ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ በኋላማ የሚያቆመው የለም። በየሰፈሩ የቀጋና የጽድ አጥር እየወጣ ብሎኬት እየገባ ነው። ብሎኬት የሚሠራውን አልወቅስም፣ ሌባ አለ፣ ይዞታ ማስከበር አለ። ግን ከብሎኬቱ ውስጥ አንድ ረድፍ ቁጥቋጦ መተው ይቻላል። ቆርቆሮ ጥገናም እንደዚሁ ነው፣ ክረምት ያፈሰሰውን ጣሪያ ጥቅምት ላይ ስታስጠግኑ ክፈፉ ሥር ያለውን ቀዳዳ በሲሚንቶ ከመድፈናችሁ በፊት ጆሮ ጣል አድርጉ። ውስጡ ይንጫጫል ወይስ አይንጫጫም?

ኅዳር 12ም አለ። ኅዳር ሲታጠን ሁሉም ሰው ግቢውን ጠርጎ ቆሻሻውን ያቃጥላል። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሕዝቡን ከጨረሰ ወዲህ የመጣ ነገር ነው፣ ቅሩ አልልም። ግን ክምሩን የምናደርገው የት ነው? አጥር ሥር። ነፋስ እንዳይወስደው ተብሎ ጽዱ ሥር ይከመርና ጭሱ ቀጥ ብሎ ቅርንጫፉ ውስጥ ይገባል። ጥቂት ሜትር ወደ ሜዳው ቢወጣ እኮ ያው ጭስ ነው።

ያያችሁትን ብትጽፉትም አይከፋም፣ ቀኑንና ወፉን ብቻ። በአገራችን ከ850 በላይ የወፍ ዓይነት ተመዝግቧል፣ በአንኮበር ስም የምትጠራው ወፍ እንኳ ለሳይንስ የተመዘገበችው በ1979 እ.ኤ.አ. ነው። ትላንት ማለት ነው። የደብረ ብርሃን ድንቢጥ ኅዳር ላይ ጫጩት እንዳላት ከሁሉ ቀድሞ የሚያየው በረንዳው ላይ ቡና የሚጠጣው ሰው ነው። ኢበርድ የሚባለው መተግበሪያ ላይ ጎጆ መሥራቷን፣ ምግብ መሸከሟን ለይቶ መመዝገቢያ አለው። ደብተርም ይበቃል።

የቀን ሠራተኛውን ደግሞ አትቆጡት። የሚከፈለው አጥሩን ላጭቶ ሲጨርስ ነው፣ ጎጆ ፈልግ ያለው የለም። ከመጀመሩ በፊት አብራችሁት ዞራችሁ የትኛውን ቁጥቋጦ እንደሚያልፍ አሳዩት። ጎጆው ካለበት ግራና ቀኝ አንድ ሁለት ሜትር ይተው፣ የቀረውን ይከርክም፣ ሒሳቡን ሙሉ ስጡት። የተረፈችውን ታኅሣሥ ላይ መጥቶ ይጨርሳታል፣ ለሱም አንድ ተጨማሪ የሥራ ቀን ነው።